ነጠላዬን የጋረድኩበት ምሽት

የዚያን ቀን ማታ ገበያ የወጣነው ስድስት ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት የሞላት ልጃችን፣ ለዘመን መለወጫ ከገጠር የመጡት አማቴ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ እና የጎረቤቴ ባል። ከግቢ ስንወጣ ቆጠርኳቸው። አስፋልቱን ስንሻገር ቆጠርኳቸው። ገበያው ውስጥም ሰው በተጋፋ ቁጥር እቆጥር ነበር።

«ሙሉ ነን?» አለችኝ ጎረቤቴ እየሳቀች። «ወይስ አንዱን ባጃጅ ይዞት ሄደ?»

«ተቆጣጣሪዋ» ነበር የምትለኝ። ፋብሪካ ውስጥ የክሩን ጥራት እየዞሩ የሚያዩትን ሴቶች እንደዚያ ስለምንጠራቸው፣ እኔም ሁሉን ነገር እያገላበጥኩ ስለማይ ነው። እሷ ብቻ ስትለኝ አልቆጣም ነበር።

እኔ ያኔ ክር ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ። የሌሊት ፈረቃ ሲደርሰኝ ልጄ የምታድረው እሷ ዘንድ ነው። እሷ ልጅ አልወለደችም። ባሏ አቃቂ በሰቃ አንድ ብረት ቤት ውስጥ በርና መስኮት ይበይዳል። ልጄ አፏን ስትፈታ መጀመሪያ «እማ» ያለችው እኔን ይሁን እሷን እስከ ዛሬ አልተወሰነም፤ ሁለታችንም «እኔን ነው» እያልን እንከራከር ነበር። ከፍ ስትል «እቴቴ» አለቻት፤ በዚያው ጸና።

ከዚህች ልጅ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበረኝ። በስምንት ወሩ፣ በክረምት፣ ተቅማጥ ወሰደብኝ። ከዚያ ወዲህ ያልፈላ ውሃ ለልጅ አጠጥቼ አላውቅም። መንገድ ላይ የሚሸጥ ምግብ ልጄን አላስቀምሳትም። ሳምቡሳው የተጠበሰበት ዘይት የስንት ቀን ነው? ድንቹን የላጠችው ሴት እጇን የት ታጠበች? ይህን ሳስብ እንኳን ልጄ፣ እኔም ምራቄ ይደርቃል።

ሌላም ፍርሃት ነበረብኝ። እናቴ ያሳደገችኝ ልጅ በሰው ፊት አይበላም ብላ ነው። እኛ ቤት ምግብ ሲቀርብ በር ይገፋል። ሰው ድንገት ከገባ ወይ ቁጭ ብሎ አብሮ ይበላል፣ ወይ መሶቡ ይከደናል። የሰው ዐይን ያማል ይባላል። ይህን አምኜበት ነው ማለት አልችልም፤ እጅ እንደመታጠብ ያለ ልማድ ነበር፤ ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም። መንገድ ዳር ቆሞ መብላት ታዲያ ለእኔ ሁለት አደጋ ነበረው፤ አንዱ በአፍ የሚገባ፣ አንዱ በዐይን የሚገባ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አማቴ በረንዳው ላይ ሽንኩርት ሲልጡ ጎረቤቴ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ቢላ አንሥታም ታግዛቸው ጀመር። አማቴ እንደ ገጠር ሰው ወግ ጠየቋት።

«አገርሽ ወዴት ነው የኔ ልጅ?»

አገሯን ነገረቻቸው።

«አባትሽስ ምን ነበር ሥራቸው?»

«ማረሻ ይሠሩ ነበር እማማ። ማጭድም፣ ምሳርም። የዚያ አገር ገበሬ በሙሉ እሳቸው ደጅ ነበር የሚሰለፈው።»

ደስ ብሏት ነው የተናገረችው። አማቴ «እህ» አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። እሷ ተነሥታ ስትሄድ ግን ቢላውን አስቀመጡት።

«ልጅቷ ማታ ማታ የምታድረው እዚህች ጋ ነው?»

«አዎ እማማ። እንደ እናቷ ናት እኮ።»

«የቀጥቃጭ ልጅ ናት። ባሏም ብረት ነው ሥራው። ደግሞ አልወለደችም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ክፉ መናገሬ አይደለም፤ ደግ ሴት ትመስላለች። ብቻ ልጅቷ ስትበላ ዐይኗ እንዳያርፍባት። ሸፈን አድርጊያት።»

በገጠር ቀጥቃጭን እንዲህ ያደርጉታል፤ ማረሻውን ይወስዳሉ፣ ዐይኑን ይሸሻሉ። እኔ ሳቅሁ። «እማማ ደግሞ፣ ከተማ እኮ ነው» አልኳቸው። ሳቅሁ እንጂ ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

አመሻሽ ላይ ዝናቡ አባራ። ዓመቱ ሊለወጥ ሁለት ቀን ቀርቶት ስለነበር ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ ያለው መንገድ ግራና ቀኙ ገበያ ሆኗል። ልጄ «ሁሉም ልጆች ሄደዋል» ብላ ታለቅሳለች። ባለቤቴ «አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ወጥተን እንብላ፤ ከነጠላሽ ሥር ታሳድጊያታለሽ እንዴ?» አለኝ። አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ።

እንዲያምር አድርጌ መጻፍ አልችልም እንጂ ያ ገበያ ያምር ነበር። ጭቃው ላይ ጆንያ ተነጥፎ ሽንኩርት ተከምሯል። ዶሮዎች እግራቸውን ታስረው ዐይናቸውን ያንከባልላሉ። ልብስ ሻጩ አግዳሚ ላይ ቆሞ «በዓልን በአዲስ የዋለ ዓመቱን በአዲስ ይከርማል! አንሣ፣ ምረጥ!» ይላል፤ የሚሸጠው ግን ሳልባጅ ነው። የቦንቦሊኖው ሽታ፣ የሳምቡሳው ዘይት፣ የእርጥብ አፈር ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። ከፋብሪካ የወጡ ሴቶች ከነሽርጣቸው ቆመው በሚጥሚጣ የተነከረ ድንች ይበላሉ። ባጃጆቹ በሰው መሐል ቀስ እያሉ ሲያልፉ መብራታቸው የሰዉን ፊት እየገለጠ ይሄዳል። ልጄ እጄን ለቃ የእቴቴዋን እጅ ያዘች። እኔም ዘወር እያልኩ ቆጠርኩ።

ባለቤቴ ሳምቡሳ ገዝቶ በትኩሱ ነክሶ ምላሱን አቃጠለ። የጎረቤቴ ባል «ብየዳ እንኳን እንዲህ አያቃጥል፤ እፍ በልበት ጌታው» አለው።

ልጄ ስትለምነኝ ዞር ዞር ብዬ የመረጥኩላት በለስ ነው። «ልጣጭ ያለው ነገር ንጹሕ ነው» አልኩ። ሻጩ ከባልዲ ውሃ ውስጥ እያወጣ፣ ጫፍና ጫፉን በቢላ ቆርጦ፣ ልጣጩን ከፈት አድርጎ ይይዝላታል፤ እሷ በጣቷ ታነሣለች። አራት በላች።

«ተቆጣጣሪዋ ፈቀደች» አለች ጎረቤቴ። «ዘንድሮ ዓመቱ እውነትም ሊለወጥ ነው።»

ከዚያ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ጋ ደረስን። ከሰሉን በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች።

«ይሄን የጠና በቆሎ ለማን ልትሸጪው ነው?» አለቻት ጎረቤቴ። «የወንጭፍ ጠጠር ይሆናል እንጂ አይበላም።»

«አንቺ ጥርስሽ ደህና ነው፤ ለእናትሽ ግን ለስላሳውን እመርጥላቸዋለሁ» አለች ሴትየዋ ወደ አማቴ እያየች።

«ጥርሴን ተይው» አሉ አማቴ። «አሥር ቀርቶኛል። ለአንቺ በቆሎ ይበቃል።»

ሁላችንም ሳቅን። ያን ሳቅ አስታውሰዋለሁ፤ ስድስታችንም አብረን የሳቅንበት የመጨረሻው ነው።

ጎረቤቴ በቆሎውን ተቀብላ እፍ እፍ አለችበት፤ ፍሬውን በአውራ ጣቷ እየፈለፈለች መዳፏ ላይ አጠራቀመች፤ ከዚያ ልጄ ፊት ቁጢጥ አለች። ልጄ ከመዳፏ እያነሣች ትቅማለች። ከንፈሯ በከሰል ጠቁሯል። የሻይ ሻጯ አምፖል ከላይ ያበራባታል።

«እዩአት እስቲ» አለች ጎረቤቴ ዐይኗን ከልጄ ፊት ሳትነቅል። «መቼ ነው እንዲህ ያደገችው? እንዴት ነው የምታምረው?»

አማቴ ከኋላዬ አሳላቸው። ጉንፋን እንደሌለባቸው አውቃለሁ።

ነጠላዬን አነሣሁና በጎረቤቴ ፊትና በልጄ ፊት መካከል ጋረድኩት።

እጄ ብቻ ነው የተነሣው። ከነጠላው ወዲያ ልጄ «እማ፣ አይታየኝም» አለች። ከነጠላው ወዲህ ጎረቤቴ ቁጢጥ እንዳለች ቀረች፤ መዳፏ እንደተዘረጋ ነው፤ በቆሎው አላለቀም። ነጠላዬን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«አዎ፣ እንዳይበርዳት» አለች።

ነፋስ አልነበረም። ምክንያቱን እሷው ሰጠችኝ። ተነሥታ የቀረውን በቆሎ አንድ በአንድ ራሷ በላችው። ወንዶቹ ምንም አላዩም፤ ስለ ዶሮ ዋጋ ያወሩ ነበር። ቤታችን የገባነው ሁላችንም ደህና ሆነን ነው፤ ቆጥሬአለሁ።

በበዓሉ ዋዜማ ሊነጋጋ ሲል ልጄ ማስታወክ ጀመረች። ከላይም ከታችም ሆነባት። ፀሐይ ሳትወጣ ዐይኗ ጎድጎድ አለ። ያንን ዐይን አውቀዋለሁ፤ የሞተው ልጄ ዐይን ነው። ባለቤቴ የማለዳ ፈረቃ ገብቷል።

«አላልኩሽም?» አሉኝ አማቴ። እሳቸውም ያለቅሱ ነበር። «ሐኪም ይደርሳል። መጀመሪያ ከጎረቤትሽ ልብስ ቁራጭ አምጪና ልጅቷን በጭሱ እናጥናት። ሳታውቅ ይሁን።»

ጎረቤቴ ለበዓሉ ያጠበችው ቀሚስ በጣራው ጥግ ሥር ሽቦው ላይ ተሰጥቶ ነበር። ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ነጫጭ አበቦች አሉበት። ምላጭ ይዤ ወጣሁ። ከታችኛው ጠርዝ፣ ከታጠፈው ላይ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ቆረጥኩ። አማቴ ከሰሉ ላይ ጣሉት፤ ልጄን በጋቢ ሸፍነን ጭሱ ላይ አጎነበስናት። የናይሎን ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጄ እያሳላት «እማ፣ ዐይኔን» አለች። ከዚያ እንደገና አስታወከች።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ጎረቤቴ ናት፤ የልጄን ድምፅ ሰምታ በሌሊት ልብሷ ነው የመጣችው።

«ምን ሆነች?» ብላ ሮጣ ገባችና እመሐል ቤት ቆመች። ከሰሉ ላይ ጨርቁ ገና አላለቀም። አንድ ነጭ አበባ ይታያል።

እኔ ልጄን ወደ ደረቴ ሳብኳት። ሳስበው፣ ከምላጩም ይልቅ ያ ነው የሚያሳፍረኝ። ያሳደገቻትን ልጅ እንዳትነካብኝ ሸሸሁ።

ጎረቤቴ ወደኋላ ተመለሰችና ከደጅ ባሏን ጠራችው። «ባጃጅ አምጣ፣ ቶሎ። ልጅቷ ታማለች» ስትል ሰማኋት። ባጃጁን ያመጣው ባሏ ነው። ጤና ጣቢያ ድረስ ያደረሰንም እሱ ነው። ምን እንዳደረግሁ አያውቅም ነበር፤ መንገዱን ሙሉ «አይዞሽ፣ ትድናለች» ይለኛል።

ጤና ጣቢያ ጉሉኮስ ሰቀሉላት። ነርሷ የበላችውን ጠየቀችኝ፤ ቆጠርኩላት።

«በቆሎውስ እሳት አግኝቶታል። በለሱን በምን ውሃ ነበር የሚያጥቡት?»

«አላውቅም። ባልዲ ነው።»

«ክረምት አይደል? ከውሃው ሳይሆን አይቀርም» አለች፤ ሌላ ልጅ ደግሞ መጣባት።

በለሱን የገዛሁላት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ልጄን አዝዬ ስመለስ ጎረቤቴ ደፏ ላይ ቁጭ ብላ ቀሚሱን ትሰፋ ነበር። የቆረጥኩትን ቦታ ወደ ውስጥ አጥፋ ከሌላው ጋር ልታስተካክለው ትሞክራለች፤ ግን አንዱ ጎን አጠረ።

«እንዴት ሆነች?» አለች መርፌውን ሳታቆም።

«ተሻላት። ከውሃ ነው አሉ።»

«ተመስገን።»

እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ያልኳት ግን «እማማ ናቸው ያሉኝ፤ የገጠር ሰው ናቸው፣ እኔ እንኳ...» ነው።

«እሳቸው አሮጊት ናቸው» አለች። «ትናንት ነው ያወቁኝ። አንቺ ታውቂኛለሽ።»

ልጄን ጀርባዬ ላይ አስተካከልኳት።

«ብትጠይቂኝ እኔው ቆርጬ እሰጥሽ ነበር። ልጅቷ የምትድን ከሆነ ሙሉው ይንደድ። እናቴም አገር ቤት ስንት ጊዜ ቆርጣ ሰጥታለች።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እዚህ አይደርስብኝም ብዬ ነበር እንጂ።»

የበዓሉ ዕለት «እንኳን አደረሳችሁ» ልትለን መጣች፤ ደፋችንን ግን አልተሻገረችም። ቀሚሱን አልለበሰችውም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ሰላምታ አልነፈገችኝም፣ ጨው ስለምናት አልከለከለችኝም። ልጄን ስታናግራት ግን መሬት መሬት ታያለች። ልጄ ፊቷ ሥር ገብታ ሽቅብ እያየቻት «እቴቴ፣ ለምንድነው የማታዪኝ?» ስትላት ሰምቻለሁ።

«ዐይኔን አሞኝ ነው የኔ እናት» አለቻት።

በጥቅምት፣ የቀን ፈረቃ ሆኜ ስመለስ ክፍሏ ባዶ ነበር። የግቢው ባለቤት «አይሱዙ አምጥተው ጭነው ሄዱ፤ ባልየው የተሻለ ሥራ አግኝቷል አሉ» አሉኝ። ሥራ አግኝቶ ይሆናል። እኔ ግን ለምን እንደሄደች አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ስልኳ ላይ ደወልኩ። «ሃሎ» ስትል ዘጋሁት። ሦስተኛ ስደውል ቁጥሩ አይሠራም።

አማቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፉ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ እሳቸውም ሦስት ልጆች ቀብረዋል፣ የልጅ ልጃቸውን እንዳያጡ ነው የፈሩት። ታመው ሳለ አንድ ቀን «ያቺ ጎረቤትሽ እንዴት ናት?» ብለው ጠየቁኝ። «ደህና ናት እማማ፣ ሰላም ብላዎታለች» አልኳቸው። ዋሸሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ አምነውኝ እንደሆነ አላውቅም።

ፈልጌአታለሁ። በሰቃ ያሉትን ብረት ቤቶች አንድ በአንድ ጠይቄአለሁ፤ ባሏ ይሠራበት የነበረው ተዘግቶ መጋዘን ሆኗል። አንዲት የድሮ የፈረቃ ጓደኛዬ ሳሪስ አቦ በንግሥ ቀን አየኋት ስትለኝ በየወሩ በአምስት እዚያ መሄድ ጀመርኩ። በሴቶች በር በኩል ቆሜ የሚገባውንና የሚወጣውን አያለሁ። ከኋላ እሷን የምትመስል ብዙ ሴት አለች። አንዷን ትከሻዋን ነካኋት፤ ስትዞር ሌላ ሰው ናት፤ «ምን ፈለግሽ እህቴ?» አለችኝ። ወደ በሩ ተመለስኩ።

ያ ግቢያችን ለመንገድ ፈርሷል። እኛም ኮንዶሚኒየም ገባን፤ አራተኛ ፎቅ ነው። ልቧ ራርቶ አንድ ቀን ልትፈልገን ብትመጣ እንኳ የምታንኳኳው በር የለም። ይህ ነው ሌሊት የሚያባንነኝ።

ልጄ አሁን ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ጾም እቴቴ ለምን እንደሄደች ስትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት። ጭሱን ታስታውሰዋለች፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም ነበር። ማታ መጥታ አጠገቤ ተኛችና «አንቺ ካልቻልሽ እኔ ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አለችኝ። «አንቺ ምን አጠፋሽ?» ብላት «ለእኔ ተብሎ ነዋ» አለች። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ብዙ ጽፌ አላውቅም። ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ እሷ ናት።

የጎረቤቴን ስም ያልጻፍኩት ከዚያ ክፉ ቃል ጎን እንዲቆም ስላልፈለግሁ ነው። የሚያውቋት ያውቋታል። ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ ሴት ናት። ስትስቅ አፏን በእጇ አትሸፍንም። ዕድሜዋ አሁን አርባን ያለፈ ይመስለኛል። ከባሏ ጋር አቃቂ ይኖሩ ነበር፤ እሱ በያጅ ነው፣ ግራ እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው። የት እንዳሉ፣ ደህና መሆኗን፣ ልጅ ወልዳ እንደሆነም የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።